እንሰት የአውሮፓ አትክልት ጌጥ የሆነበት ታሪክ



«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ስለ ሰውና ስለ ንብረት ብቻ የተነገረ ይመስለናል። ነገር ግን ስለ ተክልም ቢነገር እውነትነቱ አይቀንስም። ዛሬ ታሪኩን ልንነግርዎ ያሰብነው ተክል በደቡባችን የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ እንጀራ ሲሆን፤ በሎንዶንና በፓሪስ የሕዝብ መናፈሻዎች ግን ስለ ቅጠሉ ውበት ብቻ እንደ ንጉሥ በመካከል እየቆመ ሲደነቅ ኖሯል። ይህም ተክል እንሰት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።)

እንሰትን አላውቀውም የሚል የከተማ ሰው ቢኖር፤ በዓመት በዓል ቀን ድፎ ዳቦ የተጋገረበትን ሰፊ ቅጠል ያስታውስ። ያ ኮባ የምንለው ቅጠል የእንሰት ቅጠል ነው። በሰሜኑ አገራችን ይህ ተክል በየገዳሙና በየጓሮው የሚተከለው በአብዛኛው ስለ ቅጠሉ ሲሆን፤ በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በሐዲያ፣ በከምባታ፣ በወላይታ፣ በጋሞ፣ በከፋና በሌሎችም ብዙ አገሮች ግን ዋና ምግብ ነው። ከግንዱና ከሥሩ ቆጮና ቡላ ይገኛል፤ አምቾው ተቀቅሎ ይበላል፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል፤ ቅጠሉ ምንጣፍ፣ ጣራ፣ መጠቅለያና የከብት መኖ ነው። እንግዲህ ሰሜኑ ቅጠሉን፣ ደቡቡ ሁለንተናውን ይዞ ሲኖር፤ የውጭ አገር ሰዎች እንዴት አወቁት?

በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት፤ እነ ማኑዌል ደ አልሜዳና ጄሮኒሞ ሎቦ፤ ሙዝ የሚመስል ነገር ግን ሙዝ ያልሆነ፣ ሰዎች ግንዱን የሚበሉት ተክል እንዳዩ ጽፈዋል። ይሁን እንጂ የተክሉን መልክ በሥዕል ለአውሮፓ ያሳየው የስኮትላንዱ ተወላጅ ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ በጎንደርና በዐባይ ምንጭ አካባቢ ቆየ። በ1790 ባሳተመው ታላቅ የጉዞ መጽሐፉም ስለ እንሰት ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ጻፈ። ተክሉ ከሙዝ ወገን አይደለም ብሎ አጥብቆ ተከራከረ፤ የተቀቀለውንም ጣዕም ከትኩስ የስንዴ ዳቦ ጋር አመሳሰለው። ከብሩስ ጋር የመጡትን የዕፅዋት ሥዕሎች በብዛት የሣለው ግን ተጓዡ ባልደረባው፣ በጎንደር ሞቶ የቀረው ጣልያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ መሆኑን እዚህ ላይ ማንሣት የተገባ ነው፤ ጌታው ስሙን በሚገባው ክብር አላነሣለትምና።

ከመጽሐፉ ወዲያ ነገሩ በወረቀት ላይ ቀረ። ጀርመናዊው ሊቅ ግሜሊን በ1791 በብሩስ ጽሑፍ ተመርኩዞ ተክሉን ከሙዝ ወገን መድቦ «ሙሳ እንሰቴ» ብሎ ሰየመው። ብሩስ ሙዝ አይደለም ብሎ የተከራከረለት ተክል፤ ሕያው ቅጠሉን በአውሮፓ ማንም ሳያየው የሙዝን ስም ተቀበለ ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆየ።

በ1853 ዓ.ም. በምጽዋ የእንግሊዝ ኮንሱል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ጥቂት ዘሮች ሎንዶን አጠገብ ወዳለው ወደ ኪው የዕፅዋት ጥናት ቦታ ላከ። የአገሩ ሰዎች «አንሰት» ብለው እንደሚጠሩትም አብሮ አስታወቀ። አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ኪው በዓለም ታላቁ የዕፅዋት ጥናት ቦታ ነበር፤ የብሩስም መጽሐፍ ከታተመ ስድሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሆኖም ሊቃውንቱ የዘሩን ስም ከብሩስ ተክል ጋር አላገናኙትም። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ እነርሱ የሚያውቁት የሚበላው ሙዝ ዘር የሌለው ስለሆነ፤ ጥቁርና እንደ ድንጋይ የጠነከረው ይህ ፍሬ የሙዝ ዘመድ ዘር ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዘሩ በቅሎ ቅጠሉ ሲዘረጋ ጊዜ ግን ተክሉ ራሱ ማንነቱን መሰከረ። በ1861 የኪው ዋና ሹም ሰር ዊልያም ሁከር ተክሉን ከነሥዕሉ በታወቀው የዕፅዋት መጽሔት አወጣው፤ የብሩስም ምስክርነት ከሰባ ዓመት በኋላ ተረጋገጠ። ዘሩን የላከው ፕላውደን ግን ይህን አላየም፤ በ1860 በጎንደር አቅራቢያ ቆስሎ ሞቶ ነበር።

ስለ ስሙ የተነሣው ክርክርም በዚያ አላበቃም። የኦስትሪያው ተወላጅ ዌልዊች በአንጎላ ያገኘውን ተመሳሳይ ተክል በ1859 «ሙሳ ቬንትሪኮሳ» ብሎ ጠራው። ትርጓሜውም ሆደ ሰፊ ማለት ሲሆን፤ የግንዱን ታች መወፈር የሚያመለክት ነው። ሩሲያዊው ሆራኒኖቭ በ1862 ተክሉን ከሙዝ ለይቶ የራሱን ወገን ሰጠው። ነገሩ የተቋጨው ግን ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1947 የእንሰትን ወገን እንደገና ባጸና ጊዜ ነው። ዛሬ በሳይንስ የሚታወቀው ስም የመጀመሪያው ቃል «እንሰቴ» የሚለው የእኛው አገር ቃል ነው። ብሩስ በሙዝነቱ ላይ ያነሣው ክርክርም በአንድ በኩል ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ እንሰት የሙዝ ዘመድ እንጂ ሙዝ አይደለም።

አሁን ወደ ጌጥነቱ እንመለስ። እንሰት አውሮፓ የደረሰው በተመቸ ዘመን ነው። በእንግሊዝ አገር በመስተዋት ላይ ተጥሎ የነበረው ቀረጥ በ1845 ስለተነሣ፤ ቀድሞ የመሳፍንት ብቻ የነበረው የመስተዋት ቤት መካከለኛ ሀብት ላላቸው ሰዎች ጭምር ተገኘ። በኪው ታላቁ የዘንባባ ቤት በ1848 ተፈጸመ። የሎንዶኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ የፈለሰፈው የታሸገ የመስተዋት ሣጥንም ከ1833 ጀምሮ ሕያው ተክሎችን በባሕር ላይ ለብዙ ወር ጠብቆ ያደርስ ስለነበር፤ ከሞቃት አገሮች ሁሉ አዳዲስ ተክል ይጎርፍ ጀመር። እንሰት በዘር ስለሄደ ይህ ሣጥን አላስፈለገውም፤ ከሄደ በኋላ የጠበቀው ግን ያው የመስተዋት ቤት ነው።

እስከዚያ ድረስ የአውሮፓ መናፈሻ ጌጥ ቀይና ቢጫ አበባ በመደዳ መትከል ነበር። በ1860ዎቹ ዓመታት ግን ሰዎች የአበባው ቀለም ሰልችቷቸው ወደ ቅጠል ውበት አዘነበሉ። በፓሪስ የከተማይቱ የአትክልት ሹም የነበረው ባሪዬ ደሻን እንደ ሞንሶ ባሉት መናፈሻዎች ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን የሞቃት አገር ተክሎች በበጋ ወራት ወደ ውጭ እያወጣ ይተክል ጀመር። በሎንዶን ደግሞ ጆን ጊብሰን በባተርሲ መናፈሻ በ1864 ለሕዝብ ያሳየው የቅጠል አትክልት እጅግ ዝነኛ ሆነ። በእነዚህ ስፍራዎች እንሰት ከሁሉ ልቆ የሚታይ ተክል ነበር። ከአራት እስከ አምስት ሜትር ሊረዝም የሚችለው ቅጠሉ፣ ቀላ ያለው የመካከል አከርካሪው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ መነሣቱ ተመልካቹን ያስደንቅ ነበር። ስለ እነዚህ የቅጠል አትክልቶች በ1871 መጽሐፍ ያወጣው ዊልያም ሮቢንሰን እንሰትን ከታላላቆቹ ቅጠላማ ተክሎች መካከል አጉልቶ አመስግኖታል።

ብዙ የሞቃት አገር ተክል በእንግሊዝ በጋ ቅዝቃዜ ሲጠወልግ፤ እንሰት ስለ ምን ጸና? መልሱ ከእኛ ከደጋው ነው። እንሰት የቆላ ተክል አይደለም፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 እስከ 3100 ሜትር ባለው ከፍታ የሚለማ የወይናደጋና የደጋ ተክል ነው። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ቅዝቃዜ የለመደ ስለሆነ የሎንዶን የበጋ ሌሊት አላስደነገጠውም። የማይችለው ውርጭን ብቻ ነው። ስለዚህ የአውሮፓ አትክልተኞች በመከር ጊዜ ውርጭ ሳይወድቅ ተክሉን ከነሥሩ ይነቅሉታል፤ ከመካከለኛው ለጋ ቅጠል በቀር ሌላውን ይቆርጡለታል፤ ውሃም ነሥተው ውርጭ በማይገባበት ቤት ያሳርፉታል። ሲሞቅም መልሰው በሰባ አፈር ይተክሉታል። ይህ ሥርዓት ዛሬም በዚያው ይሠራበታል፤ «ማውሬሊ» የሚባለው ቀይ ቅጠል ያለው እንሰትም በአውሮፓና በአሜሪካ የአትክልት ሱቆች እንደ ውድ ጌጥ ይሸጣል።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። እንሰት እንደ ሙዝ በራሱ ፈቃድ ከሥሩ ልጅ አያወጣም። አንድ ጊዜ አብቦ አፍርቶ ይሞታል። ስለዚህ የአውሮፓ አትክልተኞች ባመዛኙ በዘር ላይ ተመርኩዘው ኖሩ። ዘሩም በቶሎ አይበቅልም፤ በሞቀ ውሃ ተነክሮ፣ በሙቅ አፈር ተዘርቶ፣ አንዱ በሳምንታት፣ አንዱ በወራት፣ አንዱም ፈጽሞ ሳይወጣ ይቀራል። የደቡብ ገበሬዎቻችን ግን ከማንኛውም የዕፅዋት ትምህርት ቤት አስቀድሞ መፍትሔውን ያውቁ ነበር። ከሁለት እስከ ጥቂት ዓመት የሆነውን ተክል ግንዱን ከአምቾው በላይ ቆርጠው፤ በመካከሉ ያለውን የእድገት ልብ በቢላዋ አውጥተው፤ አምቾውን በፍግና በአፈር ይቀብሩታል። ልቡ የወጣለት አምቾ አንድ ግንድ ማሳደግ ስላልቻለ፤ በዙሪያው ያንቀላፉ ዓይኖቹ ሁሉ ይነቃሉ። ከአንድ አምቾም በብዙ አሥር የሚቆጠሩ፣ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ የሚበልጡ ችግኞች ይወጣሉ። ችግኞቹም የእናታቸውን ጠባይ ሳይለውጡ የሚይዙ ስለሆኑ፤ ለቡላ የሚሻለው፣ ለቃጫ የሚሻለው፣ ለመድኃኒት የሚፈለገው ዓይነት ሁሉ እየተለየ፣ ስም እየተሰጠው ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ። እያንዳንዱ ብሔረሰብ በራሱ ቋንቋ የሚጠራቸው የእንሰት ዓይነቶች ሲደመሩ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ይህን ዕውቀት ጠብቀው ያኖሩት፤ ተክሉን በመፋቅ፣ በማቡካትና በጉድጓድ ቀብሮ በማብሰል የሚደክሙት በተለይ ሴቶች መሆናቸውም ሊዘነጋ አይገባም።

ወደ አገራችን ከተሞች ስንመለስ፤ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ደጋማ ከተማ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ በግቢው አንድ ሁለት እንሰት ለመትከል ቢፈልግ፤ የመስተዋት ቤት አያስፈልገውም፤ አየሩ የተክሉ የራሱ አየር ነውና። የሚከተለውን ቢጠብቅ በቂ ነው።

በመጀመሪያ ቦታውን ይምረጥ። እንሰት ሲያድግ ዙሪያውን እስከ ሦስት ሜትር የሚደርስ ስፋት ስለሚፈልግ ከግድግዳና ከመስኮት ይራቅ። ብርቱ ነፋስ ቅጠሉን እየሰነጠቀ መልኩን ስለሚያበላሸው፤ ፀሐይ የሚያገኝ ነገር ግን ከነፋስ የተከለለ ማዕዘን ይሻለዋል። ሁለተኛ ጉድጓዱን በጥልቅ ቆፍሮ የበሰለ ፍግ ከአፈሩ ጋር ይቀላቅል፤ ትኩስ አዛባ ግን ሥሩን ስለሚጎዳ አይጠቅምም። ከዚያም ወዲያ የወጥ ቤት ጥራጊና የከብት ፍግ በየጊዜው በእግሩ ሥር ቢጨመርለት ደስ ይለዋል፤ በደቡብ እንሰት ከቤት ጀርባ የሚተከለው በከፊል ስለዚሁ ነው። ሦስተኛ ዝናብ ሲያቆም፤ በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት፤ ውሃ አይንፈገው። ውሃ የሚያቁር ረግረግ መሬት ግን አይስማማውም። አራተኛ የደረቁትንና የዘመሙትን የውጭ ቅጠሎች ብቻ ይቁረጥ፤ ለድፎ ዳቦ ሲፈለግም ከውጭ በኩል ያሉትን ወስዶ የመካከለኛውን ለጋ ይተው፤ እርሱ የተክሉ ሕይወት ነውና። ቦታ የሌለው ሰው በታቹ ቀዳዳ ባለው በርሜል ቢተክለው ለጥቂት ዓመት ያምርለታል፤ አንዱ በርሜል ሲጠበው ግን ወደ ሰፊው ማዛወር ግድ ይሆናል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ስለ በሽታ ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፤ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር በ1968 ምክንያቱን ለይቶ ለዓለም አስታውቋል። በሽታው የያዘው ተክል ቅጠሉ ከልቡ ጀምሮ ይጠወልጋል፣ ይገረጣል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ መሰል ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። ፈውስ አልተገኘለትም። በ2001 በዩጋንዳ በሙዝ ላይ ታይቶ ወደ ሌሎች የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ተዛምቶ ብዙ ሙዝ አጥፍቷል። ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶችም አንዱ የሰው ቢላዋ፣ ሁለተኛው ከታመመ ቦታ የመጣ ችግኝ ነው። እንግዲህ የከተማ ሰው ለጌጥ ብሎ ካላወቀው ቦታ ችግኝ ጭኖ ቢያመጣ፤ ወይም በአንዱ ግቢ ቅጠል የቆረጠበትን ቢላዋ ሳያጸዳ ወደ ሌላው ቢያሻግር፤ ውበት እየፈለገ የሌላውን ምግብ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ችግኝ ከታመነና ከጤነኛ ማሳ ብቻ ይወሰድ፤ ቢላዋ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት በእሳት ይለብለብ፤ የታመመ ተክል ቢገኝ ወዲያው ከነሥሩ ተነቅሎ በጥልቅ ይቀበር። ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን በደቡብ አንድ ቤተ ሰብ ለዓመታት ያሳደገው ማሳ በአንድ ያልታጠበ ቢላዋ ሊጠፋ እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

የእንሰት ነገር ከጌጥ በላይ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በእርሱ ይኖራል። እህል በወቅቱ ካልታጨደ ይጠፋል፤ እንሰት ግን በማንኛውም ወር ሊቆረጥ የሚችል፣ በማሳ ላይ የቆመ ጎተራ ነው። በ1997 ስለ እንሰት የወጣ አንድ የሊቃውንት ጽሑፍ «ረኀብን የሚቃወም ዛፍ» የሚል አርእስት የተሰጠው ስለዚህ ነው። ከዘመናት በፊት ዘሩን ተቀብሎ ምንነቱን መለየት ያቃተው የኪው ተቋምም ዛሬ ከኢትዮጵያ ሊቃውንት ጋር ሆኖ እንሰትን ያጠናል። በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ተክሉ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ቢስፋፋ፤ የአየር ጠባይ እየተለወጠ በሚሄድበት ዘመን ከ100 ሚሊዮን የሚበልጥ ተጨማሪ ሕዝብ ሊመግብ እንደሚችል ገምቷል።

ፈረንጆች እስከ ዛሬ እንሰትን «ሐሰተኛ ሙዝ» ይሉታል፤ ፍሬው እንደ ሙዝ አይበላምና። እኛ ግን እንዲህ እንጠይቅ፤ ሐሰቱ የቱ ላይ ነው? ቅጠሉ እውነተኛ፣ ቃጫው እውነተኛ፣ ቆጮው እውነተኛ፣ በክፉ ዘመን ያዳናቸውም ሰዎች እውነተኞች ናቸው። ስሙ ሐሰት የሆነው ፍሬውን ብቻ ፈልጎ ለመጣ ሰው ነው።

አውሮፓውያን ቅጠሉን ማድነቃቸው ስሕተት አይደለም፤ ውበቱን ቀድመው በመናፈሻቸው ማክበራቸው እንዲያውም የሚመሰገን ነው። በእኛ ላይ የሚወድቀው ዕዳ ግን ከማድነቅ ይበልጣል። በከተማ ቤቶቻችን ደጅ ከባሕር ማዶ የመጡትን ቅጠላ ቅጠሎች በዕቃ እየተከልን በክብር ስንይዝ፤ ከጓሯችን ወጥቶ የታላላቅ ከተሞች ጌጥ የሆነውን ተክል የድሀ ምግብ ብለን ብንንቅ፤ የተክሉን ብቻ ሳይሆን እርሱን ጠብቀው ያቆዩንን ሰዎች ዕውቀት መናቃችን ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ በግቢዎ አንድ ጥግ ቢኖር እንሰት ይትከሉበት፤ ልጆችዎም ስሙን፣ የመጣበትን አገርና የሚያሳድጉትን ሰዎች ይማሩበት። ቅጠሉን ለዳቦ በሚቆርጡበት ቀንም ቢላዋውን በእሳት ማለፍዎን አይርሱ።